ላፕቶፕ ያለው ልጅ፣ የጀማዓው ማኅተም እና የአውሮፓ ቪዛ



ይህን ከመጻፋችን በፊት ልጁንም፣ እናቱንም፣ ሸኻችንንም አስፈቅደናል። የማንንም ስም አንጠራም፤ ኤምባሲውንም ሀገሩንም አንጠራም። «እኛ» የምንለው ብዙ ሆነን አይደለም፤ ያስቀሩን ሸኾች «እኔ» ማለትን ስላላስለመዱን ነው። ጥፋቱ ግን የአንድ ሰው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ወንዛዬ ነው። የደብረ ታቦርና የአካባቢው ሰው ወንዛዬን ያውቀዋል፤ ጉልበቱን የያዘው፣ ወገቡን የቆረጠመው ሁሉ ተስፋ አድርጎ ወደ ፍል ውሃው ይወርዳል። የልጁ እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋልና መንገዱ ሰላም በሆነበት አንድ ሳምንት ይዘናቸው ወረድን። እሳቸው ከሴቶቹ ጋር ገብተው ሳለ እኛና ልጁ ጥላ ስር ተቀምጠን ዙሁርን እንጠብቃለን። ድንጋይ እያነሣ ሲጥል ቆየና «ኡስታዝ፣ አንድ ወረቀት ይጽፉልኛል?» አለን።

ልጁን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ እናውቀዋለን። ቁርኣን የጀመረው እኛው ዘንድ ነው። እጁ ለኸጥ የተፈጠረ ነበር፤ ሌላው ልጅ ሎሑ ላይ አሊፍን ሲያጣምም የእሱ ቀጥ ብላ ትቆም ነበር። ሲያድግ ያንን እጅ ወደ ኮምፒውተር ወሰደው። ዛሬ የመጻሕፍት ሽፋን ይሠራል፣ የዐረብኛ የሕፃናት መጻሕፍትን ገጽ ያቀናጃል። ደንበኞቹ ውጭ ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ አውሮፓ ያለ ትንሽ አሳታሚ፣ ሦስት ዓመት አብሮት ከሠራ በኋላ «ሁለት ሳምንት መጥተህ ከማተሚያ ቤቱ ሰዎች ጋር ተቀመጥ፤ ቀጣዩን ተከታታይ መጽሐፍ አብረን እንንደፍ» ብሎ ጠራው። ሰፈር ውስጥ ግን ልጁ ሥራ ፈት ነው የሚባለው። ጠዋት ወጥቶ ማታ ስለማይገባ ነዋ! እናቱ ራሳቸው ሲጠየቁ «ልጄ ቤት ነው» ይላሉ እንጂ «ሥራ ላይ ነው» አይሉም።

የፍሪላንሰር ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሪዝቁ አለ፣ ሐላል ነው፣ ላቡም የራሱ ነው። ወረቀት ግን የለውም። መንግሥት ቤት የተቀጠረ ሰው ቪዛ ሲጠይቅ የቅጥር ደብዳቤ፣ የደሞዝ ማስረጃ፣ የዓመት ፈቃድ ይዞ ይሄዳል። ነጋዴም ንግድ ፈቃዱንና የግብር ደረሰኙን ያያይዛል። በላፕቶፕ የሚያድረው ልጅ ማን ፈቃድ ይስጠው? አለቃውም ሠራተኛውም እሱው ነው።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ደላላ አገኘ። ደላላው «ፍሪላንሰር ብለህ ከገባህ በሩ ላይ ትመለሳለህ» አለው። ሁለት ነገርም አዘዘው፤ አንዱ ሒሳቡ ውስጥ 400,000 ብር እንዲያስገባ፣ ሁለተኛው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዲያመጣ። ብሩን ከአጎቶቹ ለሦስት ሳምንት ተበደረ። ደብዳቤውን የፈለገው ከእኛ ነው፦ በመድረሳው በደሞዝ የተቀጠረ መምህር መሆኑን፣ ፈቃድ እንደተሰጠው፣ ሲመለስ ሥራው እንደሚጠብቀው የሚገልጽ።

ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናትን ያስቀራል፤ ይህ እውነት ነው። ደሞዝ የሚባል ነገር ግን መድረሳችን ውስጥ የለም። እኛም የለንም። ጀማዓው በመኸር ጊዜ የሚያዋጣው እህልና አንዳንድ ሰው በእጃችን የሚያስጨብጠን ብር ነው ያለው። ሸኻችን በዚያ ሰሞን ለሕክምና ባሕር ዳር ነበሩ፤ ማኅተሙ የሚቀመጥበት ሣጥን ቁልፍ እኛ ጋር ነበር። ሌሊቱን ስናስብበት አደርን ብንል ሁለተኛ ውሸት ይሆናል። አላሰብንም። ልጁን እንወደዋለን፣ የእናቱ ጉልበት ያሳዝነናል፣ አለቀ። በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ጽፈን አተምን። የወር ደሞዙን 9,000 ብር አልን። ቁጥሩን ከየት አመጣችሁት ለምትሉን፣ ለራሳችን የምንመኘውን ነው የጻፍነው።

ጥቅምት 2017 ማመልከቻው ገባ። ስለ ሒደቱ ለማታውቁ ጥቂት እንበል። የሼንገን ቪዛ የሚባለው ዛሬ 29 የአውሮፓ ሀገራትን በአንድ ወረቀት የሚያስገባ የአጭር ጊዜ ፈቃድ ነው፤ ቢበዛ በ180 ቀናት ውስጥ 90 ቀን። ፓስፖርቱ ከ10 ዓመት ያልበለጠ፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው፣ ከመመለሻው ቀን በኋላም ሦስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ክፍያው ከሰኔ 4 ቀን 2016 ጀምሮ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ ብሏል፤ ቢከለከሉም አይመለስም። የዐሥሩም ጣት አሻራ ስለሚወሰድ ደብረ ታቦር ተቀምጦ በሰው እጅ መላክ የለም፤ አዲስ አበባ ድረስ በአካል መሄድ ግድ ነው። ለእኛ አካባቢ ልጅ በዚህ ዘመን አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ራሱን የቻለ ቪዛ ነው።

በዚያ ላይ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የተጨመረ ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ባሳለፈው ውሳኔ፣ የእኛ ሰው ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ ተደረገ፤ ሰነድ የማቅለል ነገርም ቀረ። የተሰጠው ምክንያት፣ በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መልሶ በመቀበል ረገድ መንግሥታችን በበቂ ሁኔታ አልተባበረም የሚል ነው። ሁለት ወገኖች በማይስማሙበት ጉዳይ አንድ የመጽሐፍ ሽፋን የሚሠራ ልጅ ሠላሳ ቀን ተጨማሪ ይጠብቃል። አግባብ አይመስለንም። ሆኖም ስለ ራሳችን ጥፋት ልናወራ ተቀምጠን የሌላውን ብንቆጥር አያምርብንም።

መልሱ መጣ፦ ተከልክሏል። የክልከላው ወረቀት ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ምክንያቶቹ ተዘርዝረዋል፣ የሚመለከትህ ላይ ምልክት ይደረጋል። በልጁ ወረቀት ላይ ሦስት ቦታ ምልክት ነበር። የጉዞው ዓላማ በበቂ አልተረጋገጠም፤ የቀረበው መረጃ አስተማማኝ አይደለም፤ ጊዜው ሳያልቅ ስለ መመለሱ ጥርጣሬ አለ። ልጁ ሦስተኛውን እያየ ተቆጣ። እኛ ከሁለተኛው ላይ ዓይናችንን መንቀል አቃተን።

ለካስ ከኤምባሲው ተደውሎ ነበር። የመስጂዱ ወረቀት ራስጌ ላይ ያለው ስልክ የሸኻችን ነው። ሰውዬው በትሕትና ጠየቃቸው፣ መምህር እገሌ እናንተ ጋር በደሞዝ ተቀጥሯል ወይ ብሎ። እሳቸውም ምንም ሳያውቁ እውነቱን መለሱ፦ ልጁን እናውቀዋለን፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ እኛ ዘንድ ግን ደሞዝ የሚበላ ሰው የለም።

ሸኻችን አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር። አንድ ቀን ከሱብሒ በኋላ ሰው ከወጣ ወዲያ «ደሞዝ ተጀመረ እንዴ? ለእኔም ንገሩኝ እንጂ» አሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ። ቁልፉን ሰጠናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ለሰባት ወር ያህል የኒካሕ ወረቀት እንኳ ለማተም እሳቸውን ቆመን እንጠብቅ ነበር፤ ሰውም «ምን ሆናችሁ?» ይለን ነበር።

አንድ ነገር እንናገር። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ «ኤምባሲን መዋሸት ምን አለበት፣ እነሱስ መቼ አዘኑልን?» ትላላችሁ። ወሎ ደረሳ ሳለን ፊቅህ ስንቀራ «አማን» የሚል ምዕራፍ ነበር፤ ያኔ ለሱልጣኖችና ለጦር ጊዜ የተጻፈ መስሎን በሩጫ አለፍነው። ኢብን ቁዳማ በአል-ሙግኒ ውስጥ ያነሡታል። ሐሳቡ ይህ ነው፤ ሙስሊም የሌላ ሕዝብ ሀገር በአማን ከገባ ሊከዳቸው አይፈቀድለትም፤ አማኑን ሲሰጡት እንዳይከዳቸው ብለው መሆኑ በቃል ባይነገርም የታወቀ ነውና። በዘመናችን ያሉ ብዙ ዑለማዎች ቪዛን ከዚሁ ከአማን ጋር ያመሳስሉታል። ፓስፖርቱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ውል ነው ማለት ነው። በሐሰት ደብዳቤ የተገኘ አማን ደግሞ ከመጀመሪያው የተሰነጠቀ ነው። የሐሰት ምስክርነት ከከባኢር መሆኑን ለሕፃናት የምናስተምረው እኛው ነን፤ ዘጠኝ ሺህ ብር ብለን የጻፍነውም እኛው ነን።

የነጃሺን ታሪክ ማውራት ሁላችንም እንወዳለን። ሰሓቦቹ በዚያ ንጉሥ ፊት ሲቆሙ ግን የያዙት የተበደሩትን ወርቅ አልነበረም፤ ስለ ዒሳ ሲጠየቁም እንዳይባረሩ ብለው አላለሳለሱም። ይህችን እያለፍናት ነው የምንኮራው።

ሁለተኛው ማመልከቻ ለግንቦት 2017 ተዘጋጀ። የመጀመሪያው ክልከላ ኮምፒውተራቸው ላይ እንዳለ እናውቃለን፤ የቪዛ መረጃ ቋታቸው እስከ አምስት ዓመት ይይዘዋል፣ 29ኙም ሀገራት ያዩታል። ስለዚህ ሀገር ቀይሮ መሞከር ያው ራስን ማታለል ነው። ልጁ ደላላውን ተወ፣ የአጎቶቹን ብር ቀድሞውኑ መልሷል። ከእኛ ጋር ሆኖ በየማታው ከዒሻ በኋላ ወረቀት በወረቀት መሰብሰብ ጀመርን።

መጀመሪያ ሕጋዊ መሆን ነበረበት። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አወጣ፣ ንግድ ፈቃድ ጠየቀ። ፈቃድ የሚሰጠው ሰው «ሱቅህ የት ነው?» ብሎ ጠየቀው፤ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠለት። ሰውዬው ሳቀ፣ ግን አገዘው። ግብሩን ከፍሎ ክሊራንስ አገኘ። አንዳንዶቻችሁ ግብር መክፈል ኪሳራ ይመስላችኋል። ለፍሪላንሰር ግን ያ ወረቀት ነው አፍ የሚሆነው፤ መንግሥት ሥራህን እንደሚያውቅ ሌላ ምን ይናገርልሃል?

ከዚያ የሦስት ዓመት ውሎችና ኢንቮይሶች፣ ከእነሱ አጠገብ በባንክ የገባው ገንዘብ፣ እያንዳንዱ በቁጥር ተያይዞ። ይህን ስንሠራ ሁለት ጉድጓድ አገኘን። አንደኛው በ2016 ኢንቮይስ የሌለባቸው ወራት ናቸው። ከነሐሴ 2015 አንሥቶ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ልጁ ላፕቶፑን አቅፎ የገመድ ኢንተርኔት ያለበትን ደጅ ሲጠና የነበረበት ጊዜ ነው። አሳታሚው ያኔ ሌላ ሰው አልፈለገም፤ ጠበቀው። ይህን አሳታሚው በራሱ ደብዳቤ እንዲጽፍ ጠየቅነው፣ ጻፈልን። ሁለተኛው ጉድጓድ ሳይሆን ጉብታ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከመቶ አለፈ። ልጁ የሚያገኘው ዶላር ያው ነው፤ በስቴትመንቱ ላይ ግን ገቢው በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆኖ ይታያል። ለማያውቅ ዓይን ይህ ልክ እንደ ተበደርነው 400,000 ነው የሚመስለው። በማመልከቻ ደብዳቤው ውስጥ አንድ አንቀጽ ሰጥተን ቀኑን ጠቅሰን አስረዳን።

ሌላ የተማርነው ነገር፣ «ለሥራ ነው የምሄደው» የሚለው ቃል አደገኛ ነው። በአጭር ጊዜ ቪዛ እዚያ ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድም፤ ከደንበኛ ጋር ስብሰባ መቀመጥ ግን ይቻላል። ልጁ በመጀመሪያው ጊዜ ቱሪስት ነኝ ብሎ ነበር የሞላው። አሁን እንደ ሁኔታው ተጻፈ፦ ከማን ጋር፣ የት፣ በየትኛው ቀን፣ ወጪው በማን። የቀድሞውንም ክልከላ ራሱ አነሣው፤ ያኔ የቀረበው የቅጥር ደብዳቤ እውነት እንዳልነበረ በአንድ መስመር ጻፈ። ያቺን መስመር ስትጻፍ አጠገቡ ተቀምጠን ነበር። ጣቶቹ ከኪቦርዱ ላይ ተነሡና ወደ እኛ ዞረ። «ጻፈው» አልነው።

የእኛ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ቀረ። ረቂቁን ይዘን ሸኻችን ዘንድ ገባን። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ እንደምናውቀው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ክፍያ ሕፃናትን እንደሚያስቀራ፣ እናቱና ታናሽ እኅቱ በእሱ ገቢ እንደሚኖሩ ጽፈናል። በመጨረሻ «ጉዞውን ፈጽሞ እንደሚመለስ እናረጋግጣለን» የሚል ነበር። ሸኻችን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ እዚያ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉ። «ልቡን ከፍተህ አይተሃል?» አሉን። «አላየንም።» «እንግዲያ ሰርዝ።» ሰረዝን። ከዚያ ተነሥተው ሣጥኑን ከፈቱና ራሳቸው አተሙት። ቁልፉን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ለእናቱም ልንነግራቸው ሄድን። ቡና እያፈሉ «ይመለሳል ብለው ጻፉ፣ ኡስታዝ?» አሉን። አልጻፍንም አልናቸው። ከሰሉን አራገቡ፣ ቆዩ። «እኔም ብጠየቅ አልጽፍም» አሉ። «ይመለሳል ብዬ ዱዓ አደርጋለሁ እንጂ፣ እንዴት ብዬ እጽፋለሁ? የጎረቤታችን ልጅም ለእናቱ እመለሳለሁ ብሎ ነበር በመተማ የወጣው።» ያ ልጅ ሊቢያ ከገባ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ልጁ ጓዳው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ምንም አላለም።

ቀድሞ አያቶቻችን ሲራራ ነጋዴዎች ነበሩ። በየኬላው ቀረጥ ከፍለው፣ በየደረሱበት ተያዥ ጠርተው ነው የሚያልፉት፤ ሀገር ለሀገር መዞር ያለ ፈቃድ የሆነበት ዘመን እንደሌለ እነሱ ያውቁ ነበር። ከደብረ ታቦር ጥግ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን የሠሩት አውሮፓውያንም በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ያለ ንጉሡ ፈቃድ መሄድ አይችሉም ነበር። ያኔ በሩን የያዘው የእኛ ሰው ነበር። ይህን ለልጁ ስንነግረው «ኡስታዝ፣ እኔ እኮ የምሄደው ለሁለት ሳምንት ነው» ብሎ ሳቀብን።

በአርባ አንደኛው ቀን ስልክ መጣ። ፓስፖርቱን ሊቀበል አዲስ አበባ ሄደ። ፖስታውን እዚያው መንገድ ላይ ቀዶ ፎቶ ላከልን። ተከልክሏል።

ምልክቱ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ዓላማው አልተረጋገጠም አይልም። መረጃው አስተማማኝ አይደለም አይልም። ያለው ሦስተኛው ብቻ ነው፦ ስለ መመለሱ ጥርጣሬ አለ። ይኸውም እናቱም፣ ሸኻችንም፣ እኛም ልንጽፈው ያልቻልነው ነገር ነው። ሀያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አላገባም፣ ቤትም መሬትም በስሙ የለውም፣ ክልሉ ሰላም የለውም። በእነሱ ወንበር ብንቀመጥ ምን እንል እንደነበር እያሰብን አደርን። ልጁ ተናዷል፣ መናደድም መብቱ ነው፤ እውነቱን ተናግሮ ነው የተከለከለው። «ውሸቱም እውነቱም አንድ ቦታ ካደረሰኝ ምን ልዩነት አለው?» አለን። የምንመልሰው አልነበረንም። ሸኻችንም ሲነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልመለሱለትም።

የይግባኝ መብት አለ፤ የት፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀርብ በራሱ በክልከላው ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ እንደየሀገሩም ይለያያል። ብዙ ሰው ሳያነበው ይጥለዋል፤ አትጣሉት። ልጁ ይግባኙን ጽፎ ልኳል። መልሱ እስካሁን አልመጣም። አሳታሚው በበኩሉ «አንተ መምጣት ካልቻልክ እኔ ልምጣ» አለ፤ ወደ እኛ መንገድ እንዲመጣ ግን ማንም አልደፈረም። በመጨረሻ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ የሚገባባት ጎረቤታችን ኬንያ ተመረጠች። ናይሮቢ ላይ ለአምስት ቀን ይገናኛሉ፣ ኢንሻአላህ።

ትኬቱ ተቆርጧል፤ ደርሶ መልስ። ባለፈው ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ሸኻችን ጠርተውን የሣጥኑን ቁልፍ እጃችን ላይ አስቀመጡ። ለምን አሁን እንደሆነ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም። በማግስቱ የመጀመሪያው ወረቀት ፈላጊ መጣ፤ ባጃጅ የሚነዳ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ለባንክ ብድር የገቢ ማስረጃ ጻፉልኝ የሚል። ምን ያህል እንደሚያገኝ እናውቃለን ወይ ብለን ራሳችንን ጠየቅን። አናውቅም። የቀን ገቢውን የሚጽፍበት ደብተር ካለው ይዞ እንዲመጣ ነገርነው፤ እሑድ እመጣለሁ ብሎ ሄዷል።